ያረጀ ውሻ ሲያነክስ፦ ክኒኑን አቁሙ፣ ክብደቱን ቀንሱ

የጠያቂው ደብዳቤ ባጭሩ ይህ ነው። የአዲስ አበባ ነዋሪ ናቸው፤ 10 ዓመት የሞላው፣ 46 ኪሎ የሚመዝን ወንድ ጀርመን ሼፐርድ አላቸው። «ጠዋት ሲነሣ የኋላ እግሮቹ አይታዘዙለትም፤ ጥቂት ሲራመድ ይፍታታል። ደረጃ መውጣት ትቷል። ስለማይጮኽ ሕመሙ ያን ያህል የከፋ አይመስለኝም። ባለፈው ወር ዴክሳሜታዞን ተወግቶ ለሳምንት ያህል ቡችላ ሆኖ ነበር። አሁን ለወገቤ ከታዘዘልኝ ባለ 50 ሚሊግራም ዲክሎፌናክ በየቀኑ ግማሽ እሰጠዋለሁ። ሻል ብሎታል፤ አንዳንዴ ግን የበላው አይስማማውም መሰለኝ ያስመልሰዋል። ጎረቤቴ ዳሌው ይተኮስ ይላሉ። አሜሪካ ያለችው እህቴ ግሉኮሳሚንና በወር አንዴ የሚወጋ ሊብሬላ የሚባል መርፌ ልላክልህ ትላለች። የቱ ይሻላል? ዘሩ እንዳይጠፋስ አንዴ ባራባው?»

ዲክሎፌናኩን ዛሬውኑ ያቁሙ። የሚያስመልሰው ምግቡ ስላልተስማማው ነው ብዬ አልቀበልም፤ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ ጨጓራው መቁሰል እንደ ጀመረ ነው የምቆጥረው። ሰው ለወገቡና ለጉልበቱ የሚውጣቸው ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና ናፕሮክሰን በውሻ ሰውነት ውስጥ የሚሄዱበት መንገድ ከእኛ ይለያል። ዲክሎፌናክ በሐሞት በኩል ወደ አንጀት ይመለስና እንደገና ይመጠጣል፤ ናፕሮክሰን ደግሞ በውሻ ደም ውስጥ ለቀናት ይቆያል። ስለዚህ «ግማሹን ብቻ» የሚለው ቁጠባ ደኅንነት አይገዛም። ጉዳቱ በጨጓራና በአንጀት ቁስለት ይጀምራል፤ ሲከፋ አንጀት ይበሳል ወይም ኩላሊት ሥራ ያቆማል። ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ሰገራ፣ ደም የቀላቀለ ትውከት፣ የገረጣ ድድ፣ ምግብ ፈጽሞ እንቢ ማለት ወይም ከልማዱ ውጪ አብዝቶ ውኃ መጠጣት ካዩ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። በፓራሲታሞልም በራስዎ አይተኩት፤ በውሻ ጉበትን ይጎዳል፣ ድመት ላይ ከሆነ አንዲት ክኒን ልትገድል ትችላለች።

ስለ ዲክሎፌናክ ካነሣን አይቀር፣ እንስሳት ላይ ያደረሰው ጉዳት በውሻ አልቆመም። በደቡብ እስያ መድኃኒቱ የተሰጣቸውን ከብቶች በድን የበሉ ጥንብ አንሣዎች ኩላሊታቸው እየተቃጠለ በሚሊዮኖች አልቀዋል፤ ሕንድም እ.ኤ.አ. በ2006 ለእንስሳት ሕክምና እንዳይመረት ከልክላለች። ለሰው የተስማማ ነገር ለሌላው ፍጥረት ሁሉ ይስማማል የሚለው ግምት እዚያ ብዙ ዋጋ አስከፍሏል።

አሁን ወደ ሕመሙ። «አይጮኽም» ማለት አያመውም ማለት አይደለም። ውሻ የሚጮኸው ድንገት ሲረገጥ ወይም ሲሰበር ነው፤ ለወራት የዘለቀ የመገጣጠሚያ ሕመም ግን ዝም ያሰኘዋል እንጂ አያስጮኸውም። የሚታየው ሌላ ነገር ነው፦ ለመተኛት ደጋግሞ መዞር፣ ሲነሣ ክብደቱን ወደ ፊት እግሮቹ መጣል፣ አንድን መገጣጠሚያ ጠጉሩ ቀለሙን እስኪለውጥ መላስ፣ ሲነካ ማጉረምረም፣ ሰው ሲመጣ እስከ በር ድረስ አለመሄድ። ቤተሰቡ ይህን «አርጅቷል» እያለ ያልፈዋል። እርጅና ግን ብቻውን አያስነክስም። ደረጃ መውጣት የተወ ውሻ ደረጃው ስለሚያመው ነው የተወው።

አርትራይተስ የምንለው፣ በተለምዶ ቁርጥማት የሚባለው፣ በአጥንቶቹ ጫፍ ላይ ያለው ካርቲሌጅ የተባለ ለስላሳ ልባስ ሲሳሳና ሲሰነጣጠቅ፣ የመገጣጠሚያው ከረጢት ሲቆጣና ሲወፍር፣ ዳር ዳሩን ትርፍ አጥንት ሲያበቅል ነው። በሰው ብዙውን ጊዜ ከዕድሜ ጋር ይመጣል፤ በውሻ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ ሌላ ጥፋት አለ። ጉልበት ውስጥ ያለው ጅማት መበጠስ፣ በመኪና አደጋ ተሰብሮ ተጣሞ የገጠመ አጥንት፣ ወይም ከቡችላነት ጀምሮ በትክክል ያልተገጣጠመ ዳሌ ወይም ክርን ሊሆን ይችላል። ጀርመን ሼፐርድ በዚህ በመጨረሻው የታወቀ ዘር ነው፤ የጭኑ አጥንት ራስ በዳሌው ጉድጓድ ውስጥ ላልቶ ሲንቀሳቀስ ይኖርና ዓመታት ሲያልፉ መገጣጠሚያውን ይፈገፍገዋል። የእርስዎ ውሻ ታሪክ፣ ጠዋት መገተሩና ሲራመድ መፍታታቱ፣ ከዚህ ጋር ይገጥማል። የጠፋው ካርቲሌጅ ግን በክኒንም፣ በመርፌም፣ በእሳትም አይመለስም። የምናክመው ሕመሙንና እንቅስቃሴውን ነው።

ሆኖም በደብዳቤ ብቻ «ይህ ነው» ብዬ አልፈርምም፤ በዚህ ዘር ላይ አርትራይተስ መስለው የሚመጡ ሌሎች በሽታዎች አሉ። አንዱን ቤትዎ ሆነው መፈተሽ ይችላሉ። ውሻው ቀጥ ብሎ ቆሞ ሳለ አንድ ሰው ሆዱን ከሥር ይደግፈው። እርስዎ የአንዱን የኋላ እግር መዳፍ ቀስ ብለው ገልብጠው ጀርባው መሬት እንዲነካ ያድርጉ። ነርቩ ጤነኛ የሆነ ውሻ ወዲያው እግሩን መልሶ ያስተካክላል። ከዘገየ ወይም እንደ ተገለበጠ ከተወው ችግሩ ከመገጣጠሚያ ይልቅ ከኅብለ ሰረሰሩ ሊሆን ይችላል። ጀርመን ሼፐርድ ሲያረጅ ኅብለ ሰረሰሩን ቀስ በቀስ የሚያሽመደምድና ሕመም የሌለው በሽታ ያጠቃዋል፤ የታችኛው አከርካሪ ነርቮች መጣበብም በዚህ ዘር ብዙ ይታያል። የኋላ እግር ጥፍሮቹን ደግሞ ይመልከቱ፤ የመካከለኞቹ ጫፍ ተፈግፍጎ ካለቀ እግሩን እየጎተተ ነው ማለት ነው። ሲነካ የሚያጉረመርም ከሆነ ይህን ሁሉ ይተዉት፤ ለሐኪሙ ይሁን።

በአንድ እግር ብቻ የተወሰነ፣ በሳምንታት ውስጥ እየከፋ የሄደና ከጉልበት ወይም ከፊት እግር አንጓ አጠገብ ጠጣር እብጠት ያለው ማነከስ ከሆነ የአጥንት ካንሰር እንጠረጥራለን፤ በትላልቅ ዘሮች እንግዳ አይደለም። ማነከሱ ዛሬ ከአንዱ እግር ነገ ከሌላው ከሆነ፣ ትኩሳት ካለውና ሰውነቱ ላይ መዥገር ከነበረ ደግሞ በመዥገር የሚተላለፍ የደም በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናው ጸረ ተሕዋስያን መድኃኒት ነው። ለማንኛውም አንባቢ ደግሞ ይህን እላለሁ፦ በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንገት የኋላ እግሩ የሰነፈ፣ ድምፁ የተለወጠ፣ ለሐጩ የሚዝረበረብና መዋጥ ያቃተው ውሻ በተለይ ካልተከተበ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞት ይሆናል። አጥንት ተሰክቶበት ነው ብለው እጅዎን አፉ ውስጥ አያስገቡ። ለይተው ይዝጉበትና ባለሙያ ይጥሩ።

ስለዚህ ምርመራ ያስፈልጋል፤ በእጅ መገጣጠሚያን መፈተሽ፣ የዳሌ ራጅ፣ የደም ምርመራ። አቅራቢያዎ ራጅ ያለው ክሊኒክ ካጡ ቢሾፍቱ የሚገኘውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ይጠይቁ። ከመሄድዎ በፊት ጠዋት ከተኛበት ሲነሣ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች በስልክዎ ይቅረጹ። ክሊኒክ ውስጥ የሚገባ ውሻ በፍርሃት ነቅቶ ቀጥ ብሎ ይሄዳልና ሐኪሙ ቤት ያዩትን ላያይ ይችላል።

ከሁሉ የሚበልጠው መድኃኒት በደብዳቤዎ ውስጥ የለም። 46 ኪሎ! ለወንድ ጀርመን ሼፐርድ የተለመደው ክብደት ከ30 እስከ 40 ኪሎ ነው። ውሻዎ በላላ ዳሌው ላይ ቀኑን ሙሉ ትርፍ ኪሎዎች ተሸክሞ ይውላል። ነገሩ የሸክም ብቻም አይደለም፤ ስብ ራሱ ብግነትን የሚያባብሱ ኬሚካሎች ያመነጫል። ወፍረው የሚያነክሱ ውሾች ከክብደታቸው ከመቶ 6 ያህሉን ብቻ ሲቀንሱ ማነከሳቸው በግልጽ እንደሚሻል በጥናት ታይቷል። ለእርስዎ ውሻ ይህ ሦስት ኪሎ እንኳ አይሞላም።

እጅዎን በጎድኑ ላይ ያሳልፉ። ሳይጫኑ የጎድን አጥንቶቹን አንድ በአንድ መቁጠር መቻል አለብዎት፤ ተጭነው እየፈለጉ ከሆነ ወፍሯል። በሳምንት ከክብደቱ ከመቶ 1 እስከ 2 ቢቀንስ ተገቢ ነው፤ ለእሱ ከግማሽ ኪሎ እስከ 900 ግራም መሆኑ ነው። በእኛ ቤቶች ውሻ የሚወፍረው ከሳህኑ ይልቅ በዙሪያው ባሉ እጆች ነው። የቤት ሠራተኛዋ የተረፈውን ፍትፍት ትሰጠዋለች፣ ልጆቹ ዳቦ ይጥሉለታል፣ ዘበኛው ከምሳው ያካፍለዋል፣ ከሥጋ ቤት የመጣው ጮማ ደግሞ ለብቻው አለ። ሁሉም በፍቅር ነው፤ አንድ ሰው ብቻ እንዲመግበው ካልወሰኑ ግን ስለ መድኃኒት የምናወራው ሁሉ ግማሽ ዋጋ ያጣል። ጮማውንና እንጀራውን ይቀንሱ፣ ቀይ ሥጋውን ይተዉለት፤ ጡንቻው እንዳይሟሽሽ ፕሮቲን ያስፈልገዋል። የተቀቀለ ካሮትና ዱባ ሆዱን ይሞላሉ። ሽንኩርት ያለበት ወጥ አይስጡት፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ይሰባብራሉ። በየሁለት ሳምንቱ ይመዝኑት፤ እርስዎ ብቻዎን ሚዛን ላይ ይቁሙ፣ ከዚያ እሱን አቅፈው ይቁሙና ይቀንሱ። ካልቻሉ ክሊኒክ ይውሰዱት።

ከዚያ የሕመም ማስታገሻ። ለውሻ የተመረመሩና የጸደቁ አሉ፤ ሜሎክሲካም፣ ካርፕሮፌን፣ ፊሮኮክሲብ ዋነኞቹ ናቸው። እኛ ዘንድ በቀላሉ የሚገኘው ሜሎክሲካም ነው፤ ልኩ በመጀመሪያው ቀን በኪሎ 0.2 ሚሊግራም፣ ከዚያ በቀን አንዴ በኪሎ 0.1 ሚሊግራም፣ ከምግብ ጋር። ይህን የጻፍኩት ሐኪምዎ ያሰሉልዎትን እንዲረዱት እንጂ ራስዎ እንዲጀምሩት አይደለም። በመድኃኒት ቤት የሚሸጠው የሰው ክኒን 7.5 ወይም 15 ሚሊግራም ነው። ባለ 15 ሚሊግራሙ ለእርስዎ ውሻ ከቀን ልኩ ሦስት እጥፍ ይበልጣል፤ 8 ኪሎ ለሚመዝን ትንሽ ውሻ ባለ 7.5 ሚሊግራሙ እንኳ ከዘጠኝ እጥፍ በላይ ነው። ከመጀመሩ በፊት የኩላሊትና የጉበት ምርመራ ይደረጋል፤ ከጀመረ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ይደገማል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ በየስድስት ወሩ። ሜሎክሲካምም የዲክሎፌናክ ወገን ነውና፣ አሁን በዲክሎፌናክ የተጎዳ ጨጓራ ስላለ ወዲያው ወደ እሱ መዝለል አይቻልም፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት ዕረፍት፣ ማስመለሱም መቆም አለበት። በእነዚያ ቀናት ሕመሙ ከከፋ ሐኪሙ ከሌላ ወገን የሆነ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ጋባፔንቲን ሊያዝ ይችላል። በፈሳሽ መልክ የሚመጣውን ግን ይጠንቀቁ፤ ማጣፈጫው ዛይሊቶል ከሆነ ለውሻ መርዝ ነው። ትራማዶል በብዛት ይታዘዛል፤ ለውሻ አርትራይተስ ግን በተቆጣጠረ ጥናት መድኃኒትነት ከሌለው ክኒን አልበለጠም፤ እኔም ለዚህ አላዝም።

ዴክሳሜታዞኑ አይደገም። ስቴሮይድ ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው። ስቴሮይድ ብግነትን በፍጥነት ያፍናል፣ ውሻው ይፈነጫል፣ ባለቤቱ ይደሰታል፣ ወጊውም ይመሰገናል። ሲደጋገም ግን ካርቲሌጁን ራሱን ያሳሳል፣ ጡንቻ ያመነምናል፣ ረኃብ ይቀሰቅሳል፤ እኛ ክብደት ልንቀንስ ስንታገል እሱ ያወፍረዋል። ከሁሉ የሚያሰጋኝ ስቴሮይድና ዲክሎፌናክን የመሰለ መድኃኒት ከተገናኙ በአንጀት ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ነው። መርፌ ሲወጋ ስሙን በወረቀት ጽፈው እንዲሰጡዎት ይጠይቁ፤ ቀጣዩ ሐኪም ሳያውቅ ሌላ ቢደርብበት ጥፋቱ ከባድ ነው።

ስለ መተኮሱ፦ ጎረቤትዎ ክፋት እንደሌላቸው አውቃለሁ። በሬና ፈረስ ሲተኮስ አይተዋል፤ ሻል ሲለውም አይተዋል። አርትራይተስ ግን አንዴ የሚነሣ አንዴ የሚበርድ ሕመም ነው፤ ሰው ደግሞ ብረቱን የሚያግለው ሕመሙ ጫፍ ሲደርስ ነው። ከዚያ ወዲያ ባይተኮስም ይበርድ ነበር። እሳቱ የሚያመጣው አዲስ ቁስል፣ አዲስ ሕመምና መግል ነው፤ የዳሌ መገጣጠሚያ ከቆዳው በታች በወፍራም ጡንቻ ተሸፍኖ ስለሚገኝ የብረቱ ሙቀት እዚያ እንኳ አይደርስም። አይተኮስ።

የእህትዎ ግሉኮሳሚን ላይ ብዙ ቃል አላጠፋም። አይጎዳውም፤ ይጠቅማል የሚለው ማስረጃ ግን ደካማ ነው። ገንዘብ ለመላክ ካሰበች የዓሣ ዘይት ትላክ፤ ኦሜጋ 3 መጠነኛ ጥቅም አለው፤ ልኩን ሐኪም ይወስን፣ ዘይቱም ራሱ ካሎሪ መሆኑ አይረሳ። የዓሣ ጉበት ዘይት ግን አይሁን፤ በውስጡ ያሉት ቫይታሚን ኤ እና ዲ ሲበዙ ይጎዳሉ።

ሊብሬላ ሌላ ነገር ነው። ቤዲንቬትማብ የተባለ፣ የሕመም መልእክት የሚያባብሰውን የነርቭ ማደጊያ ፕሮቲን የሚይዝ ጸረ እንግዳ አካል ነው። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020፣ በአሜሪካ በ2023 ጸድቋል፤ ኩላሊታቸው ወይም ጨጓራቸው የተለመዱትን ማስታገሻዎች ለማይችሉ ውሾች ትልቅ አማራጭ ሆኗል። ነገር ግን የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ከአጠቃቀሙ በኋላ ስለ ተመዘገቡ ችግሮች ለእንስሳት ሐኪሞች ደብዳቤ ጽፏል፤ መንገዳገድ፣ መንቀጥቀጥ፣ ሽባነትና ሞትም በሪፖርቶቹ ውስጥ አሉ። ሪፖርት መኖሩ መድኃኒቱ አድርጎታል ማለት አይደለም። ኅብለ ሰረሰሩ ገና ያልተመረመረ ጀርመን ሼፐርድ ላይ ግን አልጀምረውም። በዚያ ላይ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ በሻንጣ ከልብስ መሃል ተጉዞ ለሚደርስ መርፌ ዋስትና የሚሰጥ የለም። አይላክ።

ቤትዎን ደግሞ ይመልከቱ። በሴራሚክ የተነጠፈ ሳሎንና በረንዳ ለዚህ ውሻ የበረዶ ሜዳ ነው፤ የኋላ እግሮቹ በተንሸራተቱ ቁጥር ዳሌው ይቀደዳል። ከመኝታው እስከ በሩ የሚያደርሰው አሮጌ ምንጣፍ ይዘርጉለት፣ ጥፍሮቹን ያሳጥሩ። በሲሚንቶ ላይ አይተኛ፤ በተለይ በክረምት። ከመሬት ከፍ ያለ ሳንቃ፣ በላዩ ወፍራም ስፖንጅ ፍራሽ፣ ነፋስ የማይገባበት ጥግ። ጠዋት ሙቅ ውኃ የያዘ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልለው ዳሌው ላይ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቢያቆዩለት መነሣቱ ይቀለዋል፤ መጀመሪያ በክንድዎ ይሞክሩት። ቀን ታስሮ ሌሊት የሚለቀቅ ከሆነ ይህ ልማድ ይቅር። መገጣጠሚያ ሲታሰር ይገተራል፣ ጡንቻው ይሟሽሻል። በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ለ10 ደቂቃ ያህል በገመድ ቀስ ብሎ ይራመድ፤ በየቀኑ እኩል። ስድስት ቀን ተኝቶ እሑድ እንጦጦ መውጣት ከሁሉ የከፋ ነው። የጥበቃ ሥራውም ይብቃ፤ በር ላይ እየዘለለ መጮኽ ለዚህ ዳሌ አይሆንም።

ይህ ሁሉ ሲደረግ አብዛኞቹ ውሾች በስድስትና በስምንት ሳምንት ውስጥ ለውጥ ያሳያሉ። ሕመሙ ግን ይቀጥላል፤ ዓመታት ሲያልፉ መድኃኒቱ የማይበቃበት ጊዜ ሊመጣ ይችላል። ራሱ ተነሥቶ መሽናት ሲያቅተው፣ ምግብ ሲጠላ፣ ከመልካም ቀኖቹ ክፉዎቹ ሲበዙ፣ ሐኪሙ ያለ ሕመም እንዲያሳርፈው መጠየቅ ጭካኔ አይደለም። በመርዝ ወይም በዱላ የሚደረገውን ግን ከዚህ ጋር የሚያነጻጽር ሰው አልሰማም።

ስለ ማራባቱ፦ አይሆንም። የላላ ዳሌ በዘር ይወረሳል፤ አንድ ጊዜ ማራባት ማለት ስድስትና ሰባት ቡችሎችን ለዚሁ ማጨት ነው። ቀድሞ ከወለዳቸው አንዱ እርስዎ ግቢ ወይም ዘመድ ቤት ካለ ለእሱ የሚጠቅም አንድ ነገር ልንገርዎ። በአሜሪካ 48 ላብራዶሮችን ከቡችላነት እስከ ሞት የተከታተለ ጥናት ነበር። ግማሾቹ ከወንድምና እህቶቻቸው ምግብ በሩብ ያነሰ እየበሉ አደጉ፤ በአማካይ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ዕድሜያቸው ረዘመ፣ የአርትራይተስ ሕክምና የሚያስፈልጋቸውም ከሌሎቹ ሦስት ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። ልጁ ዓመት ከሞላው ዳሌውን ራጅ ያስነሡት፤ የጎድን አጥንቶቹም ከዛሬ ጀምሮ ለእጅ የሚቆጠሩ ይሁኑ።